ባለመነጽሩ ድብና የደጋው ውሃ

ይህን ንባብ ያዘጋጀነው እኛ ለመሠረተ ትምህርት የዘመትን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ፊደል ቆጥሮ፣ ቃል ገጣጥሞ ማንበብ የቻለ ሰው የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል። ካላነበበ የተማረው ይረሳል። ዛሬ የምናነበው በሩቅ አገር ስለሚኖር አንድ አውሬ ነው። አውሬው በአገራችን የለም። ነገሩ ግን የገበሬ፣ የበቆሎ፣ የከብትና የውሃ ነገር ስለሆነ እንግዳ አይሆንባችሁም። በንባቡ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ድብ ምን ዓይነት አውሬ ነው?

ድብ የሚለውን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ዳዊት እረኛ ሳለ በጉን ከአንበሳና ከድብ አፍ እንዳስጣለ ሲነገር ያልሰማ የለም። ድብን በዱር ያየ ግን በመካከላችን አይገኝም።

ድብ ጠጉራም፣ ወፍራምና ጉልበተኛ የዱር እንስሳ ነው። በአራት እግሩ ይሄዳል። ሲፈልግ እንደ ሰው በሁለት እግሩ ይቆማል። ውሻና ጅብ በጣታቸው ነው የሚረግጡት። ድብ ግን እንደ ሰው ውስጥ እግሩን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ያሳርፋል። ጅራቱ በጣም አጭር ናት። ጥፍሩ ረዥምና ጠንካራ ነው።

በዓለም ላይ 8 ዓይነት ድብ አለ። አንደኛው በሰሜን ዋልታ በበረዶ ላይ የሚኖረው ነጭ ድብ ነው። ሌላው በቻይና ቀርከሃ እየበላ የሚኖረው ፓንዳ ነው። የቀሩትም በእስያ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ይኖራሉ። በአፍሪካ ዛሬ አንድም የዱር ድብ የለም።

ጥንት ግን ነበረ። ሞሮኮና አልጄሪያ በሚባሉት የሰሜን አፍሪካ አገሮች አትላስ የሚባል ተራራ አለ። በዚያ ተራራ ላይ ድብ ይኖር ነበር። ሰው እያደነው፣ ጫካውም እየተመነጠረ ሄደና በ1800ዎቹ ዓመታት ጨርሶ ጠፋ። የጠፋ ዘር ደግሞ አይመለስም። ላም ብትሞት ጥጃዋ ትተካለች። ዘሩ ያለቀ እንስሳ ግን በምን ይተካል?

አሁን የምናነበው ከ8ቱ ስለ አንደኛው ነው። ስሙ ባለመነጽር ድብ ይባላል። እርሱም እንደ አትላሱ ድብ እንዳይሆን ያሰጋል።

2. አገሩ የት ነው?

ባለመነጽሩ ድብ የሚኖረው በደቡብ አሜሪካ ነው። ደቡብ አሜሪካ ከአፍሪካ በስተ ምዕራብ፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ማዶ ያለ ክፍለ ዓለም ነው። እዚያ አንዲስ የሚባል የተራራ ሰንሰለት አለ። ከሰሜን እስከ ደቡብ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በየብስ ላይ ይህን ያህል የሚረዝም ሌላ የተራራ ሰንሰለት የለም። ድቡ በተለይ የሚገኘው በዚህ ተራራ ላይ ባሉት በ5 አገሮች ነው። እነርሱም ቬኔዝዌላ፣ ኮሎምቢያ፣ ኢኳዶር፣ ፔሩና ቦሊቪያ ናቸው። በደቡብ አሜሪካ ከእርሱ በቀር ሌላ ዓይነት ድብ የለም።

የአንዲስ ገበሬ ኑሮው ከእናንተ ኑሮ ብዙ አይርቅም። ገብስና በቆሎ ይዘራል። ከብትና በግ ያረባል። እረኛው ወንጭፍ ይወነጭፋል። እኛ የምንበላው ድንችም መጀመሪያ የተገኘው ከዚያ ተራራ ገበሬዎች እጅ ነው።

ተራራውም እንደ እኛ አገር ቆላ፣ ወይናደጋና ደጋ አለው። በአንዳንድ ቦታ ከታች ደረቅና ሙቅ ጫካ አለ። መካከሉ ላይ ጉም የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ይገኛል። ከደኑ በላይ ደግሞ ብርዳም ሣራማ ሜዳ አለ። የአገሩ ሰዎች ይህን ሜዳ ፓራሞ ይሉታል። ወደ ስሜን ወይም ወደ ባሌ ተራራ የወጣ ሰው ጅብራን ያውቃል። በኮሎምቢያ ፓራሞም መልኩ ጅብራን የሚመስል፣ ቅጠሉ ለስላሳ ጠጉር የለበሰ ተክል አለ። ስሙ ፍራይሌሆን ይባላል። ይህን ስም ያዙት፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ድቡ ከቆላው እስከ ደጋው ይዘዋወራል። ከባሕር ወለል በላይ 4,750 ሜትር ድረስ ሲወጣ ታይቷል። የራስ ዳሽን ጫፍ እንኳ ከዚያ ያንሳል።

3. መልኩና አካሉ

የባለመነጽሩ ድብ ጠጉር ጥቁር ነው። አንዳንዱም ወደ ቡናማ ይመታል። በዓይኑ ዙሪያ፣ በአፍንጫው አጠገብና በደረቱ ላይ ነጣ ያለ መስመር አለው። በዓይኑ ዙሪያ ያለው መስመር ከሩቅ ሲያዩት መነጽር ያደረገ ያስመስለዋል። ስሙ የወጣለትም በዚህ ምክንያት ነው።

መስመሩ ከድብ ድብ ይለያያል። የአንዱ ሙሉ ክብ ነው። የሌላው ግማሽ ነው። የአንዳንዱ ጭራሽ አይታይም። እናንተ ከብቶቻችሁን ቡሬ፣ ቦቃ፣ ዳለቻ እያላችሁ በመልካቸው ትለዩ የለም? ተመራማሪዎችም ይህን ድብ የሚለዩት እንዲሁ ነው። ካሜራ በዛፍ ግንድ ላይ ያስራሉ። አውሬ ሲያልፍ ካሜራው ራሱ ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያ በኋላ የፊቱን መስመር እያስተያዩ ይህ አዲስ ነው፣ ይኼኛው ባለፈው ወር ያየነው ነው እያሉ ይቆጥራሉ።

ወንዱ ከ100 እስከ 175 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይኸውም ከአንድ ኩንታል እስከ ኩንታል ከሦስት ሩብ መሆኑ ነው። ሴቷ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ግራም ብትሆን ነው። እንዲህ ከባድ ሆኖ ሳለ ዛፍ ላይ ሲወጣ የሚያህለው የለም። ሰው ሲመጣበትም ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ወይ ወደ ጥሻ ይገባል፣ ወይ ዛፍ ላይ ይወጣል። በሰው ላይ የሚነሣው ከስንት አንዴ ነው።

4. ምን ይበላል?

ጥፍሩንና ጥርሱን ያየ ሰው ሥጋ በል ነው ይላል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከሚበላው ውስጥ ሥጋው ብዙውን ጊዜ ከ100 እጅ 10 እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ ቅጠል፣ ግንድና ፍራፍሬ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው የአናናስ ዘመድ የሆኑ ተክሎችን ነው። የእነዚህ ተክሎች ቅጠል እሾሃማና ጠንካራ ነው። መካከሉ ላይ ግን ነጭና ለስላሳ ልብ አላቸው። ድቡ ውጭ ውጩን በጥፍሩ ዘንጥሎ ይጥልና ልቡን ይበላል። ልጆች ጥንቅሽ ልጠው እንደሚመጡት ማለት ነው። የመንጋጋው ሥጋ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሌላ እንስሳ ማኘክ የማይችለውን ያኝካል።

ፍራፍሬ ሲበስል ዛፍ ላይ ይወጣል። ቅርንጫፎችን ሰብሮ፣ ወደ ራሱ ስቦ፣ ደርቦ መቀመጫ ይሠራል። እናንተ አዝመራ ለመጠበቅ ማማ ትሠራላችሁ። እርሱም ማማ ይሠራል። ማማው ላይ ሆኖ ይበላል፤ ይተኛል።

በብርድ አገር ያሉ አንዳንድ ድቦች ክረምቱን ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ምንም ሳይበሉ ይተኛሉ። ባለመነጽሩ ድብ እንዲህ አያደርግም። በአንዲስ ዓመቱን ሙሉ የሚበላ ነገር ስለማይጠፋ መተኛት አያስፈልገውም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ድቡ ፍራፍሬውን ከነፍሬው ይውጣል። ከዚያ ሸንተረር ተሻግሮ፣ ሸለቆ ወርዶ ይሄዳል። በሄደበት ሁሉ ኩሱን ይጥላል። በኩሱ ውስጥ ያለው ፍሬ ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ቅርንጫፍ ሲሰብር ደግሞ ፀሐይ ወደ ታች ይገባና ትንንሾቹ ችግኞች ያድጋሉ። እንግዲህ ይህ አውሬ ሞፈርና ቀንበር ሳይኖረው ደን ይዘራል ማለት ነው።

5. እንዴት ይራባል?

ባለመነጽሩ ድብ በመንጋ አይኖርም። ወንዱም ሴቷም ለየብቻቸው ይኖራሉ። የሚገናኙት ለመራባት ጊዜ ብቻ ነው።

የእርግዝናዋ ነገር ይገርማል። ላም ካረገዘች በ9 ወሯ ትወልዳለች። የዚህች ድብ እርግዝና ግን አንዴ 5 ወር ተኩል፣ አንዴ ከ8 ወር በላይ ይሆናል። ምክንያቱም ጽንሱ ወዲያው ማደግ አይጀምርም። ለጥቂት ጊዜ ባለበት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ነው የሚያድገው። እናቲቱ በቂ ምግብ በምታገኝበት ወቅት ልጆቿን እንድታሳድግ ይህ ይረዳታል።

ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገል ትወልዳለች። ሦስት የምትወልደው አልፎ አልፎ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ዓይኑ አይገለጥም። ክብደቱም 300 ግራም ያህል ነው። ሦስት ግልገሎች በሚዛን ላይ ቢደረጉ አንድ ኪሎ ቢሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እናታቸውን ተከትለው ይኖራሉ። የሚበላውን ከማይበላው የሚለዩት፣ ዛፍ መውጣትም የሚለምዱት ከእርሷ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? ይህ እንስሳ ቶሎ አይራባም። አንዲት እናት ድብ ስትገደል ግልገሎቿም ያለ እርሷ አይኖሩም። በአንድ ጥይት ሁለት ወይም ሦስት ሞቱ ማለት ነው። ዛሬ በዱር የቀሩት ሁሉ ተደምረው ከ20,000 እንደማይበልጡ ይገመታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1982 ጀምሮ ለመጥፋት በተጋለጡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል።

6. ድቡና ውሃው

ድብ ውሃ አያመነጭም። ይህን በግልጽ እንናገራለን። ነገር ግን ድቡ የሚኖርበት ደንና ፓራሞ የብዙ ሕዝብ ውሃ የሚመነጭበት ቦታ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጉሙ ከቆላ ወደ ላይ ይወጣል። ከዛፉ ቅጠልና ከሽበቱ ላይ ሲያርፍ ጠብታ ይሆናል። ጠብታው ወደ መሬት ይወርዳል። በፓራሞ ያ ቅድም ያነበብነው ፍራይሌሆን የሚባለው ተክል ጠጉራም ቅጠሉ ጉሙን ይይዛል። የፓራሞ አፈር ደግሞ ጥቁርና ለስላሳ ነው። ውሃውን እንደ ጥጥ ይጠጣና ቀስ እያለ ይለቀዋል። ስለዚህ በበጋም ምንጩ አይደርቅም። ደኑ ሲመነጠርና ፓራሞው ሲታረስ ግን ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። በበጋ የሚቀረው ድንጋይ ነው። ይህንስ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

አንድ ምሳሌ እንይ። ቦጎታ የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ናት። 8 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ቺንጋሳ የሚባል ፓራሞ አለ። መንግሥት በ1977 ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። ባለመነጽሩ ድብ በዚያ ይኖራል። ከቦጎታ ውሃ 70 እጅ ያህሉ የሚመጣው በዚያ በኩል ካሉት ግድቦች ነው። በ2024 ዝናብ አጠረና የግድቦቹ ውሃ በጣም ወረደ። በሚያዝያ ወር ከተማዋ በ9 ክፍል ተከፈለች። እያንዳንዱ ክፍል በየተራው ለ24 ሰዓት ውሃ ተዘጋበት። ይህ እስከ 2025 ሚያዝያ ድረስ፣ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። ውሃ ከቧንቧ የሚመነጭ ለሚመስለው የከተማ ሰው ትልቅ ትምህርት ነበር።

በፔሩ ኩስኮ አጠገብ የሚኖሩ ደገኞች ድቡንና ውሃውን አንድ ላይ የሚያነሡበት በዓል አላቸው። በዓሉ ኮይሉር ሪቲ ይባላል። ወጣቶች ኡኩኩ የሚባል ልብስ ይለብሳሉ። ኡኩኩ በቋንቋቸው ድብ ማለት ነው። ቀድሞ እነዚህ ወጣቶች ወደ ተራራው ጫፍ ወጥተው የበረዶ ግግር ቆርጠው በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ ነበር። ቀልጦ የሚወጣው ውሃ በረከት አለው ይሉ ነበር። በረዶው ከዓመት ዓመት እየሳሳ ስለሄደ ግን መቁረጡ ቀርቷል።

7. ድቡና ገበሬው

ታዲያ ይህን ድብ ማን ይገድለዋል? የሚበዛውን ጊዜ የሚገድለው ገበሬና ከብት አርቢ ነው። ለምን?

ደኑ ለእርሻና ለግጦሽ ይመነጠራል። መንገድና ማዕድን ቁፋሮም ይቆራርጡታል። የድቡ ምግብ ያንሳል። ማሳው ደግሞ ከደኑ ጫፍ ይደርሳል። የበቆሎ እሸት ሽታ ሲመጣበት ድቡ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት ከሚበላው ይልቅ የሚሰብረው ይበዛል። ዝንጀሮና ከርከሮ ስትጠብቁ የምታድሩ ሰዎች የዚያ ገበሬ ልብ እንዴት እንደሚቃጠል እናንተ ታውቃላችሁ። የልጆቹ ቀለብ ነው የሄደው። ድቡ ስለማያውቅ ነው ቢሉት ሆዱ አይሞላም።

የከብቱ ነገር ግን ማጣራት ይፈልጋል። በብዙ ቦታ ከብት ያለ እረኛ ወደ ደንና ወደ ፓራሞ ተለቆ ወራት ይቆያል። አንዷ ከገደል ትወድቃለች። አንዷ በበሽታ ትሞታለች። አንዷን ፑማ የሚባል የድመት ወገን የሆነ ትልቅ አውሬ ይበላታል። ድቡ ጥንብ ሲሸተው ይመጣል። ባለቤቱ ከሳምንት በኋላ ሲደርስ ድቡ በላይዋ ቆሟል። «በዓይኔ አየሁት» ይላል። እውነቱን ነው፤ አይቷል። ያየው ግን ሲበላ ነው እንጂ ሲገድል አይደለም።

ድብ ከብት ከቶ አይገድልም ብንል ደግሞ እንዋሻለን። አንዳንዱ ይገድላል። በተለይ ጥጃን። ታዲያ እውነቱ እንዴት ይታወቃል? ከሬሳው ቶሎ መድረስና ቆዳውን ገልጦ ማየት ነው። ጥርስ ባረፈበት ቦታ ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ከተገኘ ከብቷ የተነከሰችው በሕይወት ሳለች ነው። ደም ካልቋጠረ ግን ከሞተች በኋላ ነው የተበላችው። ልብ የማይመታ ሰውነት ደም አይቋጥርምና። ይህ ዘዴ ለድብ ብቻ ሳይሆን ለጅብም ለነብርም ይሠራል።

ድቡ የሚገደልበት ሌላም ምክንያት አለ። ስቡና ሐሞቱ መድኃኒት ነው ተብሎ ይሸጣል። ይህን መሰሉን ንግድ ዓለም አቀፍ ውል ይከለክላል። አገሮቹም የየራሳቸው የመከልከያ ሕግ አላቸው። ነገር ግን ሕግ የሚጻፈው በከተማ ነው። ድቡ ያለው ከማሳው ጫፍ ነው። የከተማው ሰው ከደጋው የሚወርደውን ውሃ ይጠጣል። የተሰበረውን በቆሎ ኪሣራ የሚሸከመው ግን ዳር ላይ ያለው ገበሬ ብቻ ነው። ጥቅሙ ለሁሉ፣ ጉዳቱ ለአንድ ሰው ከሆነ ያ ጥበቃ አይጸናም። የዚህ ንባብ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው።

8. የቻፓሪ ገበሬዎች ምን አደረጉ?

በሰሜን ፔሩ ላምባዬኬ በሚባል አውራጃ ቾንጎያፔ የምትባል ከተማ አለች። በአካባቢዋ ሳንታ ካታሊና የተባለ የገበሬዎች ማኅበረሰብ አለ። መሬቱ ደረቅ ጫካ ነው። በመካከሉ ቻፓሪ የሚባል ተራራ ቆሟል። በዚያ ጫካ ባለመነጽሩ ድብ ይኖራል።

እነዚህ ገበሬዎች ተሰብስበው መከሩ። ከ34,000 ሄክታር የሚበልጠውን መሬታቸውን ለዱር እንስሳ ጥበቃ ከለሉት። በጋሻ ሲቆጠር 860 ጋሻ ያህል ይሆናል። የፔሩ መንግሥት በ2001 አወቀላቸው። መንግሥት ሳይሆን የመሬቱ ባለቤቶች ራሳቸው የሚጠብቁት፣ በሕግ የታወቀ ጥብቅ ስፍራ በፔሩ ሲቋቋም ይህ የመጀመሪያው ነበር። በሰው እጅ ታስረው የተገኙ ድቦችም ወደዚያ እየመጡ እንክብካቤ ያገኛሉ። ከእነርሱም ወደ ዱር የተለቀቁ አሉ። ጎብኚ ሲመጣ መንገድ የሚመሩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ድቡ በሕይወት ሲኖር ገቢ አለው፤ ሲሞት ግን አንድ ቀን የሚሸጥ ስብ ብቻ ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። መሬት ሸንሽነው የሚሸጡ ወራሪዎች ጫካውን ሊመነጥሩ መጡ። ማኅበረሰቡ አንሰጥም አለ። በ2017 መጨረሻ ላይ ወራሪዎቹን ይቃወም የነበረ አንድ የአካባቢው ሹም በገዛ ቤቱ ተገደለ። ደንን መጠበቅ ለአንዳንዱ ሰው የነፍስ ዋጋ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የገዛ አገራችንንም እናስታውስ። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን ደጋ ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ደንብ ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨደው በተፈቀደበት ጊዜ ብቻ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ምንጩም አልደረቀም። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የማይገኘው ቀይ ቀበሮም እዚያ ይኖራል። ቻፓሪና ጓሳ በውቅያኖስ የተራራቁ ናቸው። ነገሩ ግን አንድ ነው። የአገሬው ሰው ራሱ መክሮ ያወጣውን ደንብ ራሱ ይጠብቀዋል።

9. ድቡም ገበሬውም እንዲኖሩ ምን ይደረጋል?

በአንዲስ አገሮች የሚሠራባቸው ዘዴዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. በቆሎን ከደኑ ጫፍ ራቅ አድርጎ መዝራት።

ለ. እሸቱ ሲደርስ በጋራ፣ በየተራ መጠበቅ። እንደ ደረሰም ሳያቆዩ መሰብሰብ።

ሐ. ከብትን ያለ እረኛ ወደ ደን አለመልቀቅ። ጥጃንና የመውለጃዋ ቀን የደረሰ ላምን ከቤት አጠገብ ማቆየት።

መ. የሞተ ከብትን በሜዳ አለመተው። ድቡ የከብት ሥጋ እንዳይለምድ ይረዳል።

ሠ. ደንን ከደን የሚያገናኝ መተላለፊያ መተው። በ2013 የኢኳዶር ዋና ከተማ የኪቶ አስተዳደር በከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ለድቡ ከ60,000 ሄክታር በላይ መተላለፊያ ከልሏል።

ረ. የከተማው ሰው ድርሻውን እንዲከፍል ማድረግ። በኪቶ በ2000 የውሃ መጠበቂያ ገንዘብ ተቋቁሟል። የከተማው ውሃ ድርጅት ከውሃ ሽያጩ ከ100 እጅ 2 እጅ ያህል ለዚህ ይከፍላል። ገንዘቡ የውሃው መነሻ የሆኑትን ደኖችና ፓራሞዎች ለመጠበቅ፣ ከአካባቢው ገበሬዎች ጋርም ለሚሠራ ሥራ ይውላል።

ከእነዚህ ውስጥ ጠመንጃ የለበትም። ሁሉም በሰው እጅና በሰው ምክር የሚሠሩ ናቸው። ሸክሙም በአንድ ገበሬ ትከሻ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ የመጨረሻው ዘዴ ከሁሉ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

የቃላት ትርጉም

ዝርያ ወይም ዘር — አንድ ዓይነት የሆኑ፣ እርስ በርስ የሚራቡ እንስሳት ወገን።
ፓራሞ — በአንዲስ ተራራ ከደን በላይ ያለ ብርዳምና ሣራማ ደጋ።
ሽበት — በደጋ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠል ተክል።
ብሔራዊ ፓርክ — መንግሥት ለዱር እንስሳና ለዕፅዋት የከለለው ሰፊ ቦታ።
ጥብቅ ስፍራ — እንዳይመነጠር፣ እንዳይታደንበት በደንብ የተከለለ ቦታ።
ሄክታር — በአራቱም ወገን 100 ሜትር የሆነ መሬት። 40 ሄክታር አንድ ጋሻ ነው።
ግድብ — ወንዝ ተዘግቶ ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ።

ጥያቄዎች

1. በዓለም ላይ ስንት ዓይነት ድብ አለ? በአፍሪካ የነበረው ድብ እንዴት ጠፋ?
2. ባለመነጽር ድብ የተባለው ለምንድን ነው? ተመራማሪዎች አንዱን ድብ ከሌላው የሚለዩት በምንድን ነው?
3. ድቡ ደን ይዘራል የተባለው እንዴት ነው?
4. አንዲት ከብት ሞታ ብትገኝና አውሬ ሲበላት ቢታይ፣ ገዳዩ አውሬው መሆኑ ወይም አለመሆኑ በምን ይታወቃል?
5. የቦጎታ ሕዝብ በ2024 ምን ደረሰበት? ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?
6. የቻፓሪ ገበሬዎችና የመንዝ ጓሳ ሰዎች በምን ይመሳሰላሉ?
7. የቀበሌያችሁ ምንጭ መነሻው የት ነው? በላዩ ያለው ደን ወይም ሣር የማን ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው? ስትሰበሰቡ ተወያዩበትና መልሱን በራሳችሁ እጅ ጻፉ።